ስምንት ስብሰባ ስለ ሦስት የድንጋይ ክምር

ስለ ድንጋይ ስምንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ቁጥሩን የማውቀው ከእያንዳንዱ ስብሰባ ስወጣ ለባለቤቴ ደውዬ «ይኼ የመጨረሻዬ ነው፣ ሁለተኛ እግሬን አላነሳም» ስለምለው ነው። እሱም ሳይታክተው «እሺ» ይለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እዚያው ረጅም ጠረጴዛ ዳር፣ ወተት የበዛበት ሻሂ ፊቴ እየቀዘቀዘ፣ አንድ ሰው ባለፈው ሳምንት የተናገረውን መልሶ ሲናገር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ቀያሽ ነኝ። ድንጋይ ሲያጋጥመኝ ለክቼ፣ ወረቀት ላይ አስፍሬ የማልፍ እንጂ የምከራከርበት ሰው አልነበርኩም። ሐርጌሳ የመጣነው ባለቤቴ እዚህ ባለ የአየር መንገድ ቢሮ ስለተመደበ ነው። እኔም ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቅየሳ ለማስተማር ተቀጠርኩ። ኮንትራቴ በየዓመቱ ይታደሳል። ይህች «በየዓመቱ» የምትል ቃል ኋላ ምን እንዳደረገችኝ እነግራችኋለሁ።

ከግቢው ጀርባ፣ የምህንድስናውን ሕንፃ አለፍ ሲሉ፣ ሦስት ክምሮች አሉ። የአገሩ ሰዎች ታሎ ይሏቸዋል፤ እስልምና ከመምጣቱ በፊት የኖሩ ሰዎች መቃብር ናቸው ይባላል። ትልቁ የሁለት ሰው ቁመት ያህላል፤ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ በድንጋይ ሆኖ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ላይ ሲቆሙ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ከታች ተዘርግቶ፣ ከወዲያ መንትዮቹ ኮረብቶች ይታያሉ። ሁለተኛው አነስ ይላል። ሦስተኛው አፈርና ጠጠር የበዛበት፣ ሰፊና ቅርጸ ቢስ ነው። ዩኒቨርሲቲው አጥሩን ሲገነባ ወደ ውስጥ አስገባቸውና ረሳቸው።

እኔ ግን አልረሳኋቸውም። ለቅየሳ ትምህርት ከጉብታ የተሻለ ነገር የለም። ሜዳ ላይ ከፍታ ማስለካት ተማሪ ማስተኛት ነው፤ ጉብታ ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር ይታጠፋል፤ የተሳሳተ ተማሪ ስህተቱ ወዲያው ይታይበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ ሦስቱንም አስለካለሁ።

ለእኔ የነገሩ ሥር ግን ድንጋዩ አይደለም፤ ልጄ ናት።

አዲስ አበባ እያለን ጎረቤቶቻችን «ሬዲዮ» ነበር የሚሏት። ለታክሲ ረዳቱ፣ ለባለ ሱቁ፣ መንገድ ላይ ለተቀመጠ ውሻ ሳይቀር የምትነግረው ነገር አታጣም ነበር። እዚህ ስንመጣ ስድስት ዓመቷ ነው። 26 ጁን በሚባለው ሠፈር አጥሩ ከቤቱ የሚረዝም ቤት ተከራየን። የምትማረው የውጭ ሠራተኞች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው፤ አንዷን ጓደኛ ብላ ስትለምድ የልጅቷ አባት ሥራ ያልቅና ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሄደች። ከዚያ በኋላ ልጄ ዝም አለች። ከእኔና ከአባቷ ጋር በሹክሹክታ ታወራለች፤ ሌላ ሰው ብቅ ሲል ቀሚሴን ይዛ ትደበቃለች። አስተማሪዋ አንድ ቀን ጠርታኝ «ለመሆኑ መናገር ትችላለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለእረፍት አዲስ አበባ ስንሄድ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጆሮዋን አየ፣ ጉሮሮዋን አየ፣ ቤት አስሣላት፣ ዛፍ አስሣላት፤ በመጨረሻ «ምንም የላትም፤ ልጆች ፈልጉላት» አለኝ። ልጆች እንደ ሽንኩርት ከጉሊት የሚገዙ ይመስል። እርር ድብን ብዬ ወጣሁ።

ልጆቹን ያገኘሁላት ሳላስበው ነው። አንድ ዓርብ ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ እኔ የማርመው የፈተና ወረቀት ቢሮ ቀርቶብኝ ስለነበር ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዓርብ ግቢው ጭር ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲያልቅ ግን የሠፈሩ ልጆች በኋላው በር ይገባሉ። የሚያስገቧቸው ዘበኛው ናቸው፤ በጦርነቱ ዘመን ተሰደው ኢትዮጵያ ውስጥ መጠለያ ካምፕ ለዓመታት የኖሩ፣ አማርኛም እዚያው የለመዱ አዛውንት። ልጆቹ «አዎዌ» ይሏቸዋል፣ አያቴ ማለታቸው ነው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

አባባ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ባዶ እጁን ጉብታው ላይ የሚወጣ ልጅ የለም። ወንድ አንድ ድንጋይ፣ ሴት አንድ እርጥብ ቅጠል ይዘው ነው የሚወጡት። ልማዱ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። በዚህ አገር በወንዶች ላይ የጨከነች አንዲት የጥንት ንግሥት ነበረች ይባላል፤ በመቃብሯ በኩል የሚያልፍ ወንድ በንዴት ድንጋይ ይወረውርባታል፤ ሴት ቅጠል ታኖርላታለች። መቃብሯ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ያሳያችኋል። አባባም የእኛው ግቢ ውስጥ ነው ባይ ናቸው።

ያን ቀን ልጄን አይተው የኒም ቅጠል ቆርጠው ሰጧት። ተቀበለች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ድንጋይም አነሳች። ልጆቹ ተንጫጩባት። አባባ ሳቁና ወደ እኔ ዞረው፣ «ወላሂ ይቺስ ሁለቱንም ትክፈል፣ ተዉዋት» አሉ። ድንጋዩን በአንድ እጇ፣ ቅጠሉን በሌላው ይዛ ወጣች።

በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዓርብ፣ ቢሮዬ ውስጥ ወረቀት ሳርም አንዲት ልጅ በሱማሌኛ ስትጮህ ሰማሁ። ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው እያለች ነው። ያን ያህል ሱማሌኛ አውቃለሁ፤ ድምፁንም አወቅሁት። ሬዲዮዋ ናት። የመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ማለት ለእኛ ቤት ጉብታ ማለት ሆነ። የበርበራ መስመር ሹፌር የሆነ ያገራችን ሰው ሁለት ሴት ልጆችም ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የሐርጌሳ ሠፈር ይመጡ ነበር፤ ሦስቱ ሲገናኙ አማርኛና ሱማሌኛውን እየቀላቀሉ ማን ምን እንዳለ እስኪጠፋ ድረስ ይጯጯሃሉ። በዘጠኝ ዓመቷ ትምህርት ቤትም እጇን አውጥታ መመለስ ጀመረች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አንድ ተማሪ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው። ፎቶው ልጆች በተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ከጉብታ ሲንሸራተቱ ያሳያል። ተማሪው ለጨዋታ ነው የለጠፈው፤ አገር ግን በአንድ እግሩ ቆመ። አንዱ «የአባቶቻችን አጽም ተረገጠ» ይላል። ሌላው «የምን አባቶች፣ ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች መቃብር ነው፣ ልጆቹን ተዉአቸው» ይላል። ከለንደን የጻፈ አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ፍርድ ቤት እገትራለሁ አለ። ዲኑ በማግስቱ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔን ያስገቡኝ የጉብታዎቹ ካርታ ያለው እኔ ጋ ብቻ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች ያለቁት በስም ነው። ጉብታ እንበላቸው፣ ክምር፣ መቃብር ወይስ ሐውልት? መቃብር ካልናቸው መቀመጥ አይገባም፤ ሐውልት ካልናቸው በጀት ያስፈልጋቸዋል፤ ክምር ካልናቸው ንቀት ነው። በሁለተኛው ስብሰባ ማብቂያ «ስፍራዎቹ» እንዲባሉ ተስማማንና ሁሉም ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ተጨባበጠ። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ አንድ የአስተዳደር ሰው የልጆች መመዝገቢያ ቅጽ ይዘው ቀረቡ። ለመጫወት የፈለገ ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ማመልከት አለበት፤ ቅጹ «የጨዋታው ዓላማ» የሚል መስመር አለው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሰውየው አልሳቁም።

በአራተኛው አባባ ተጠርተው ቀረቡ። ወንበር እስኪሰጧቸው ድረስ ቆሙ። «ይህን ግቢ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ» አሉ። «ልጅ ከእዚያ ድንጋይ ይዞ ሲወርድ አላየሁም፤ ይዞ ነው የሚወጣው። የምትፈሩት ምኑን ነው?» ዲኑ ከልባቸው አመሰገኗቸው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሻሂውን ያማስል ነበር። ብሽቅ አልኩ፤ «ይኼ አይጻፍም?» ብል፣ «ዘበኛው እኮ የኮሚቴ አባል አይደሉም» አለኝ።

አምስተኛው ላይ ባለሙያ መጣች። ስለ ጥንታዊ ቅርስ ጥበቃ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። ገና ከመቀመጧ ጠላኋት፤ ምክንያቱም በዚያ ክፍል ውስጥ የምትለው የገባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ሰው በተመላለሰበት ቁጥር ድንጋዩ ይላላል፣ ይንከባለላል፣ ክምሩ በዓመታት ውስጥ ዝቅ ይላል አለች።

ያን ጊዜ ልቤ በደስታ ዘለለ። ቁጥር ሲመጣ የእኔ ሜዳ ነው። «ዝቅ ብሎ እንደሆነ ማየት ይቻላል» አልኩ አፌን ሞልቼ። «የሦስት ዓመት ልኬት አለኝ።»

ለስድስተኛው ስብሰባ የሦስቱንም ዓመት ካርታ በትልቅ ወረቀት አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ትልቁ ጉብታ ዝቅ ማለት ቀርቶ አናቱ አካባቢ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየዓርቡ በየልጁ እጅ አንድ ድንጋይ። ንግግሬን ስጨርስ የምሕንድስናው መምህራን አጨበጨቡልኝ። ልጄን አዳንኳት ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ባለሙያዋ ካርታው ፊት ቆማ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛ፣ ድንጋይ መጨመርም መንካት ነው፤ የዛሬው ከጥንቱ ጋር ከተደባለቀ በኋላ ማንም አይለየውም። ይህን ስትል ደሜ ፈላ፤ ቢቀነስም ጥፋት፣ ቢጨመርም ጥፋት። ልመልስላት አፌን ስከፍት ሁለተኛውን ጠየቀችኝ።

«እነዚህ ቀያይ ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

«የልኬት መነሻ ነጥቦቻችን ናቸዋ» አልኩ። «አሥራ አንድ ናቸው። ችካል መትተን ነው ያስቀመጥናቸው።»

«የት ላይ?»

ጥያቄው ራሱ አስገረመኝ። የት ላይ ሊሆን ነው? በእኛ ሙያ ማንኛውም ነገር ከመለካቱ በፊት የማይነቃነቅ ነጥብ ይተከላል። ተማሪ ቦታ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወርደው መዶሻና ችካል ነው። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳደርገው እጄ እንጂ አእምሮዬ የሚያደርገው አይመስለኝም። «ጉብታው ላይ» አልኳት።

 ባለሙያዋ ደብተሯን ይዛ ተነሳችና «እንየው» አለች።

ሁላችንም ተከትለናት ወጣን። አባባ ከበሩ ሆነው አዩን። እሷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ትልቁን ጉብታ ወጣች፤ እኛ እንደ ጅብራ ከታች ተገትረን ቀረን። ልጆቹ ያመጧቸውን ትንንሽ ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ጎን አስቀመጠች። ከሥራቸው አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ። መሀሉ ላይ ግማሽ ሜትር የሚሆን የፌሮ ቁራጭ ተቀብሮ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ በቀይ ቀለም «1» ተብሎ ተጽፎበታል። ድንጋዩ ከዚያ ነጥብ ተነስቶ እስከ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«የመቃብሩ መክደኛ ይመስለኛል» አለች። ወደ እኔ አላየችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ያን ችካል የመታሁት እኔ ነኝ። ተማሪ አይደለም፤ እኔ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ተማሪ ችካሉ እምቢ ሲለው ቆም ብሎ «መቃብር እኮ ነው» አለኝ። መዶሻውን ተቀብዬ «ምን ያስፈራሃል፣ ነጥብ ካልጠበቀ ልኬት አይሆንም» ብዬ ሦስት ጊዜ መታሁት። በሦስተኛው ድምፁ ተለወጠና ችካሉ በቀላሉ ገባ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሲሚንቶውን ያስለሰንኩትም ለከርሞ እንዳይነቃነቅ ብዬ ነው። ልጄ እዚያ ከመርገጧ በፊት መሆኑ ነው።

ባለሙያዋ በዚያው ሦስተኛውን ጉብታም አየች፤ ልጆቹ በጀሪካን ሲንሸራተቱ ፎቶ የተነሱበትን ማለት ነው። ከጎኑ ትንሽ ቆፈር ስታደርግ የላስቲክ ጫማ ወጣ። አባባ ከኋላችን መጥተው፣ «እሱማ ሕንፃው ሲሠራ ዶዘሩ የገፋው አፈር ነው፤ እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ ማን ጠይቆኝ» አሉ። አገር ያንቀጠቀጠው ፎቶ የተነሳው በዶዘር አፈር ላይ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ሰባተኛው ስብሰባ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ሌሊቱን ሳልተኛ ነበር ያነጋሁት፤ ተነስቼ፣ ጉዳቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ አይደሉም፣ ከእንግዲህ ጉብታ ላይ አላስተምርም፣ ልጆቹ ግን ቢያንስ የዶዘሩን አፈር ይተውላቸው አልኩ። ዲኑ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እህቴ» አሉ፣ «ትምህርት ነው ያደረግሽው። ለትምህርት የተደረገ ነገር ጥፋት አይባልም።»

«መክደኛው ተሰንጥቋል እኮ።»

«እሱ ይጻፋል።»

ተጻፈም። ቃለ ጉባኤው ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ በትልቁ ስፍራ ላይ ጉዳት ታይቷል፤ ምክንያቱ የሕዝብ እንቅስቃሴ ነው። ውሳኔው ደግሞ፦ ሦስቱም ስፍራዎች በሽቦ ይታጠሩ፤ ጨዋታ ይከልከል፤ ለትምህርትና ለምርምር ግን በፈቃድ መግባት ይቻላል። ሦስቱም የሚለውን ሳነብ እሪ ማለት ነው የቀረኝ። ሦስተኛው እኮ የዶዘር አፈር ነው ብል፣ አንዱን ትቶ ሁለቱን ማጠር ሰው ያደናግራል ተባለ። ባለሙያዋም በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ማለት ይቻላል፣ በዚህ አልስማማም አለች። የእሷም ተጻፈ። መቼም ጽሕፈት አይታክታቸውም።

ስምንተኛው ስብሰባ አጭር ነበር። አጥሩ የሚተከልበት ካርታ ቀረበ፤ ካርታው የእኔ ስለሆነ የቀያሽ ፊርማ ይፈልጋል። ወረቀቱ ፊቴ ተቀምጦ ዲኑ ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ፣ በዚህ ወር የውጭ መምህራን ኮንትራት ይታደሳል፣ ስምሽን ከላይ ነው ያደረግሁት፣ ኢንሻአላህ ችግር አይኖርም አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ያስፈራሩኝም አይመስላቸውም። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ከዚያ ረጅም አጥር ውስጥ ስቀመጥ ታየኝና ፈረምኩ። ስወጣ ለባለቤቴ ደወልኩ፤ ይኼ የመጨረሻዬ ነው አላልኩትም፤ የመጨረሻው መሆኑን ያውቃል።

አጥሩ በሁለት ቀን ተሠርቶ አለቀ። ስምንት ስብሰባ የፈጀ ነገር በሁለት ቀን። ለልጄ መጀመሪያ የነገርኳት «ዩኒቨርሲቲው ወሰነ» ብዬ ነው። «ምን አድርገን?» አለችኝ። ምንም አላደረጋችሁም አልኩ። «ታዲያ?» ስትለኝ ወጥ ሊያርርብኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ምሳ ላይ በምልክት ጨው ጠየቀችኝ። ሐኪሙ፣ አስተማሪዋ፣ ያ ሁሉ ነገር ተመልሶ ሊመጣ መሰለኝ። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ችካሉን፣ መዶሻውን፣ መክደኛውን፣ ፊርማዬን ሳይቀር። ሰማችኝ።  ከሰዓት በኋላ ግን ልሂድ አለችኝ። አጥር ነው እኮ ስላት «አውቃለሁ» ብላ ጫማዋን አደረገች። ከዚያ ወዲያ እሷና ጓደኞቿ በየዓርቡ ይሄዱ ነበር፤ ከሽቦው ውጭ ባለው አቧራማ ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ፤ አባባም ከኒሙ ሥር ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው ይቀመጣሉ።

በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የቅየሳው ክፍል ሲጀመር የፈቃድ ወረቀት መጣልኝ፤ ከቁልፍ ጋር። ሳልጠይቅ ነው የሰጡኝ። የማካክሰው ክፍለ ጊዜ ስለነበረብኝ አንዱን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ገባሁ። አሁን ችካል ጉብታው ላይ አንመታም፤ ከሥር ከአፈሩ ላይ ነው የምንተክለው። መለኪያ ዘንጉን የያዘው ተማሪ ግን አናቱ ድረስ መውጣት አለበት። ወጣ።

ዐስር ተሰግዶ ልጆቹ መጡ። ዛሬ ሜዳው ላይ አልሮጡም። ሽቦው ዳር ተደርድረው ቆመው አዩን፤ ተማሪዬ በትልቅ ጫማው ከድንጋይ ድንጋይ እየተራመደ ሲወጣና ሲወርድ። ልጄ ከሹፌሩ ሁለት ልጆች መሀል ናት። ላየው አልቻልኩም። ወደ በሩ ሄጄ ከፈትኩትና ጠራኋት።

«ነይ፣ አንቺ መግባት ትችያለሽ። የመምህሯ ልጅ ነሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም።»

ግራና ቀኝ ያሉትን ጓደኞቿን አየች። ለእነሱ የሚሆን ፈቃድ እንደሌለኝ ከፊቴ አንብባዋለች መሰለኝ።

«አልገባም» አለች።

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«እኛ እኮ ችካል አልመታንም» አለችኝ። በሹክሹክታ አልነበረም። አዲስ አበባ ለታክሲ ረዳቱ በምትናገርበት በዚያ በድሮ ድምፅዋ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ ዞር ብለው እስኪያዩን ድረስ ነው የተናገረችው። ከዚያ ያለችውን ለጓደኞቿ በሱማሌኛ ደገመችላቸው፤ ልጆቹም ከእሷ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

ይህ ድምፅ ከተመለሰ ወዲህ እንደገና እንዳይጠፋ ስፈራ ነበር። አልጠፋም። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ከላይ ዘንጉን የያዘው ተማሪ «መምህርት፣ ልንቀጥል?» ብሎ ጮኸ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ይቀረው ነበር። በሩን ከውስጥ ዘጋሁና አርባውንም ደቂቃ አስተማርኩ።